ምድር ቤት ተቀምጬ ጠፋሁ

ሰው ለመሸከም ከማይሰስቱ፣ ያው ሰው መንገድ ሲጠይቃቸው ግን ከሚቀየሙ ሰዎች ጋር ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ክፉዎች አልነበሩም። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ክፉን ሰው መክሰስ ይቻላል፤ ደግን ሰው የሚከስ ግን ራሱ ውለታ ቢስ ተብሎ ይከሰሳል።

መሥሪያ ቤታችን የሚገኘው አዳማ ውስጥ፣ ወደ አሰላ በሚያወጣው መንገድ አካባቢ፣ በኪራይ በያዘው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው። የምናጠናው ውሃ ነው፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ ደለል፣ ማለትም አዋሽ ከደጋው ጠርጎ እያመጣ ቆቃ ሐይቅ ውስጥ የሚያራግፈው አፈር ነው። የሕንፃውን ምድር ቤት በፊት ለፊት በኩል የሴራሚክ ነጋዴ ይዞታል። ከኋላ፣ በመተላለፊያው ጫፍ፣ የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት አለ። ቢሮዎቹ በሙሉ ከዚያ በላይ ናቸው፤ የእኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሕንፃው ሊፍት የለውም ቢባል ልክ አይሆንም፤ የሊፍት ጉድጓድ አለው። ባለቤቱ ፕላኑ የሚጠይቀውን ቀዳዳ ከታች እስከ ላይ አሠርቶ ሊፍቱን ራሱን ለሌላ ጊዜ አቆይቶታል። በየፎቁ ያለው አፉ በቆርቆሮ ተዘግቷል። የታችኛው ክፍት ስለሆነ የተሰበሩ ወንበሮች ይከማቹበታል።

ከአቦምሳ የመስክ ሥራ ስንመለስ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተገልብጦ አከርካሪዬ እስኪጎዳ ድረስ ያንን ደረጃ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ደረጃ ለሚወጣው ሰው አይታይም። ከሕክምና በኋላ በዊልቸር ወደ ሥራ ስመለስ፣ ከመግቢያው ሆኜ ወደ ላይ ስመለከት፣ ሕንፃው ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ታየኝ።

የዚያን ዕለት አራት ወንዶች ወንበሬን ከነእኔ አንስተው ሦስተኛ ፎቅ አደረሱኝ። ላይ የነበሩት አጨበጨቡ። በዚያው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ የሸክም ተራ አወጣ። በገጠር ታማሚ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ጎረቤቱ በሙሉ ትከሻ እየተቀያየረ እንደሚሸከመው አስታወሰና፣ «እኛ ቃሬዛ ስንሸከም ያደግን ሰዎች ነን፤ እህታችንን ደረጃ አያሸንፋትም» አለ። እንባ ያቀረሩ ነበሩ። እኔ የማስበው ስለ ቃሬዛው ነበር። ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ወይ ይድናል ወይ ይሞታል፤ ጉዞው መጨረሻ አለው። የእኔ በየማለዳው እንደ አዲስ ይጀመራል። ደግሞም ታማሚ አልነበርኩም። ሠራተኛ ነበርኩ።

ከተሸካሚዎቼ ሁለቱን ማስታወስ ይበቃል። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛው ነው፤ ወጣት፣ አፉ የማያርፍ። ሌላው ሹፌሩ ነው፤ የሁሩታ ሰው፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጥ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው። ቀለም መቀባቱም፣ መብራት መጠገኑም፣ ሽቦ መዘርጋቱም የእሱ ነበር።

«ዛሬ ከበድ ብለዋል ዶክተር» ይላል የሒሳብ ሠራተኛው፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ። «ትናንት ክትፎ ቤት ነበሩ መሰለኝ።»

«ዝም ብለህ አንሳ፣ አንተ» ይለዋል ሹፌሩ።

«እያነሳሁ ነው እኮ ጋሼ። ደለሉንም ይዘው መጥተው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ይስቃሉ። በሰው እጅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ላለመሳቅ ነጻነት የለውም፤ እኔም እስቅ ነበር።

የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መዋል ምን እንደሆነ ይገባዋል። መጸዳጃ ቤቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ባለው ማረፊያ ላይ ነው። ወደዚያ ለመሄድ አራት ወንዶችን ከሥራቸው ማስነሳት ነበረብኝ። ስለዚህ አልጠጣም። ምሳ ሰዓት ሌሎቹ ወርደው ከቆቃ የመጣ ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ሲሄዱ፣ የእኔ ምሳ በፌስታል ተቋጥሮ ይመጣል። ማታ የምሄደው ተረኞቹ መሄድ ሲፈልጉ ነው። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። በመተላለፊያው ጫፍ ያለው ግምጃ ቤት ተለቅቆ ቢሮዬ እንዲሆን። በሩ ሰፊ ነው፣ ደፍ የለውም፣ ከጎኑ የሴራሚክ ነጋዴው መጸዳጃ ቤት አለ። ውስጡ ያለው ያረጀ የመኪና ጎማና የሲሚንቶ ከረጢት ነው።

«ዶክተር፣ እርስዎን ከጎማ ጋር?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከልቡ ደንግጦ። «ሰው ምን ይለናል?»

«ከጎማ ጋር አይደለም። ጎማው ይወጣል፣ እኔ እገባለሁ።»

«ከጥበቃዋ አጠገብ እኮ ነው። የጽዳት ሠራተኞች የሚቀመጡበት። በዚህ ሁሉ ትምህርት?»

«ትምህርቴ ደረጃ አያወጣኝም።»

«ታዲያ እኛ ምን ሠራን?» ድምፁ ተለወጠ። «ቅር ያሰኘንዎት ነገር አለ? አልተሸከምንዎትም?»

በመሥሪያ ቤታችን የሰው ክብር በፎቅ ይለካል። ሥራ አስኪያጁ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ባለሙያዎች ሦስተኛ፣ ሒሳብና ግዢ ሁለተኛ፣ ጥበቃና ጽዳት ምድር። ማንም በጽሑፍ አላወጣውም፤ ግን ማንም አይስተውም። ስለዚህ እኔን ወደ ታች ማውረድ እኔን ማዋረድ መሰላቸው። ከክብሬ እንዳልወርድ ብለው በየቀኑ እንደ ዕቃ አነሱኝ። ጥያቄዬ እንደ ትሕትና ተቆጥሮ፣ በትሕትና ውድቅ ሆነ፤ ደጋግሜ ስጠይቅ ደግሞ ጎማውን ማስወጣት ከንብረት አስተዳደር ሕግ አንጻር ይታያል ተባልኩ።

በዚያ ሰሞን ከወደ መተሐራ በኩል መሬት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። በአብዛኛው ቀላል ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ ይወዛወዛል፣ ሰው ተያይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። አንድ ረፋድ ግን መጀመሪያ የሰማሁት ከታች፣ ከነጋዴው መደብር፣ ሴራሚኮቹ እርስ በርሳቸው ሲንቀጫቀጩ ነው። እንደ ጥርስ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ከእጄ ሥር ሸሸ። መደርደሪያው ፋይሎቹን ጣለ። አንዲት ሴት የፈጣሪን ስም ጠራች፤ ቀጥሎ የተሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ሰነድ ሊያስፈርመኝ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የወንበሬን ጎማ ዘልሎ ሄደ።

ወንበሬን እየገፋሁ እስከ ደረጃው አፍ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። ከደረጃው አፍ አጠገብ ግቢውን የሚያሳይ መስኮት አለ። ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጁ ጫማው አንዱ ወልቆ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። በስም የማውቃቸው፣ የላባቸውን ሽታ እንኳ ለይቼ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሹፌሩ ወደ በሩ ተራመደ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሕንፃው እንደገና ተነቃነቀ። እሱም ወደ ኋላ ተመለሰ።

ከረጋ በኋላ ተመልሰው ወደ እኔ ወጡ። አንዷ ውሃ ሰጠችኝ፤ ከልማዴ የተነሳ አልጠጣሁም። «ደነገጡ እንዴ ዶክተር?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ተሸክመው ሲያወርዱኝ ማንም ስለ ክብደቴ አልቀለደም።

በማግሥቱ ማለዳ አራቱ እንደ ልማዳቸው መግቢያው ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። «አመሰግናለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አልወጣም» አልኳቸውና ወንበሬን ወደ መተላለፊያው ገፋሁ። ላፕቶፔን በጥበቃዋ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ከፍቼ የቆቃን የደለል ካርታ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

ችግሩ የጣት አሻራ ማሽኑ ነበር። ሠራተኛ መግባቱንና መውጣቱን የሚያስመዘግበው ሦስተኛ ፎቅ መግቢያ ላይ በተሰቀለ ማሽን ነው። ጣቱን ያላስነካ ሰው ቀርቷል ማለት ነው። በተከታታይ የቀረ ሠራተኛ በማስታወቂያ ይጠራል፤ በተባለው ቀን ካልተገኘ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል። ይህን የማላውቅ መስሎት ሥራ አስኪያጁ ሊያስረዳኝ ወረደ።

«እኔ አይቼዎታለሁ ዶክተር። ጥበቃዋ አይታዎታለች። ማሽኑ ግን አላየዎትም። እኔ ምን ላድርግ?»

«ማሽኑን አውርዱት።»

«ለአንድ ሰው ብለን?»

«ለአንድ ሰው ብላችሁ አራት ሰው ስታሰልፉ ነበር።»

ፊቱ ቀላ። «ይኼ እልህ ነው። በእልህ እንጀራዎን ያጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ይህችን አገር ቢዞሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማን ይቀጥርዎታል?»

ይቅርታ መጠየቁ አስፈላጊ አልነበረም። የተናገረው እውነት ነው፤ እኔም ሌሊት ሳሰላው የምደርስበት ውጤት ይኸው ነበር። ለአልጋ ያልተዳረገ፣ በራሱ ደመወዝ የሚኖር አካል ጉዳተኛ መሆኔ የተንጠለጠለው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ከዚህ ከወጣሁ የምገባው የወንድሜ ቤት ነው፤ እዚያም ደረጃ አለ፣ እዚያም ደጎች አሉ።

ጥበቃዋ ከአርሲ የመጣች፣ አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛ የምትቀላቅል ሴት ናት። በየማለዳው «አካም ቡልታን፣ ዶክተር» ትለኛለች፤ ከዚያ ጠረጴዛዋን ጠርጋ ግማሹን ትለቅልኛለች። ስለ መብት ተናግራ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ወደ ላይ በአገጯ እያመለከተች፣ «ሌባ ቢመጣ እርስዎ ይጩኹ፣ እኔ እሮጣለሁ» አለችኝ፤ «ግን ወደ ሌባው ነው የምሮጠው። እንደ እነሱ አይደለም።»

ሹፌሩ ለጥቂት ቀናት ዓይኔን ሲሸሽ ከረመ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ ከግምጃ ቤቱ ጎማ አንከባልሎ አጠገቤ ተቀመጠበት።

«ማሽኑ ጋ ላውጣዎት። ጣትዎን አስነክተው ወዲያው ይመለሳሉ።»

«ተረኞቹን ሰብስበው?»

«የለም። እኔ ብቻዬን፣ በጀርባዬ።»

«አመሰግናለሁ ጋሼ። አይሆንም።»

መሬት መሬቱን አየ። «የዚያን ዕለት በሩ ድረስ መጥቼ ነበር።»

«አይቻለሁ።»

«ልጆቼ ታዩኝ።»

«ይገባኛል።»

«ይገባኛል አይበሉኝ። ይስደቡኝና ይውጣልኝ።»

«መሮጥዎን አልቃወምም» አልኩት። «መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰው መሮጥ አለበት። የምጠይቀው እኔም እንድሮጥ ነው።»

ለመሄድ ከተነሳ በኋላ ዞር ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማስታወቂያው ወጥቷል እኮ» አለኝ።

«የት?»

«ላይ። ሰሌዳው ላይ ነው የተለጠፈው።»

«ምን ይላል?»

«የት እንዳሉ ስላልታወቀ ይላል። እስከ ዓርብ ካልቀረቡ ይላል።»

ጥበቃዋ ከወንበሯ ላይ ሆና ሳቀች። «እኔ ልጠቁማቸው እንዴ? ወረታ ይኖረው ይሆን?»

እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ላለመሳቅ ነጻ ከሆንኩ ጥቂት ቀናት ሆነውኝ ነበር። የጠፋሁበት ማስታወቂያ የተለጠፈው እኔ ልደርስበት በማልችለው ቦታ ላይ ነው። ማስታወቂያውን የፈረመችው የሰው ሀብት ኃላፊ በየማለዳው በአጠገቤ ስታልፍ «እንደምን አደሩ» ትለኛለች። ውሸታም አልነበረችም። ሁለት እውነት ነበራት፤ አንዱ የመተላለፊያው፣ ሌላው የማሽኑ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሠራተኛው ገና ጠረጴዛው ላይ ሳይረጋ፣ ሴራሚኮቹ እንደገና ተንቀጫቀጩ። በዚህኛው ጊዜ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ወንበሬን ገፍቼ ከማንም በፊት ግቢው መሃል ተገኘሁ፤ ከዚያ ሆኜ ሲወጡ ተመለከትኳቸው። አንድ ሰው ደረጃው ላይ ወድቆ ክርኑ ደምቷል። የሒሳብ ሠራተኛው ከንፈሩ ነጥቷል። ከረጋ በኋላ ሥራ አስኪያጁ «እንመለስ» ሲል ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ አልወጣም» አለች የሰው ሀብት ኃላፊዋ። «ልጅ አለኝ።»

ቃሉ የእኔ ነበር። ከእሷ አፍ ሲወጣ እልህ ያለው የለም።

ጎማው በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወጣ። ለወራት ከንብረት አስተዳደር ሕግ አንጻር ሲታይልኝ የነበረው ጎማ ነው። ሲሚንቶው ደረጃው ሥር ተከመረ፤ ጠረጴዛ በግምጃ ቤቱ፣ በመተላለፊያው፣ በግቢው ጥላ ሥር ተዘረጋ። ሥራ አስኪያጁ ከጥበቃዋ ትይዩ ተቀመጠ፤ ክብሩ ሲፈስ አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ሰው፣ «ታዲያ አሻራችንን የት እንነካለን? ቀርተዋል ልንባል ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ማሽኑ በዚያኑ ዕለት ወረደ። ሹፌሩ በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ከምድር ቤቱ ቆጣሪ ተነስቶ እስከ ላይ የሚሄደውን ሽቦ በደረጃው በኩል ወደ ታች ስቦ፣ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የሰቀለበት ከፍታ ከተቀመጠ ሰው ትከሻ ጋር እኩል ነበር። ለምን እንዲያ ዝቅ እንዳደረገው ማንም አልጠየቀውም።

በማግሥቱ ዓርብ ጣቴን አስነካሁ። ማሽኑ በሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ አመሰገነኝ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ማስታወቂያውን ከላይ አስመጥታ፣ ቀድዳ የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው፤ «ተገኝተዋል» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ያዳነኝ ፍትሕ ነው የሚል ካለ ይህን እንዲያስተካክል እፈልጋለሁ። ያዳነኝ የሌሎች ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ያልፋል።

አለፈ። መሬቱ ለሳምንታት ረጋ፤ ሰዎች ሙቀቱንና የመንገዱን የባጃጅ ጩኸት ማማረር ጀመሩ። አንድ ሁለት እያሉ ጠረጴዛቸውን ወደ ላይ መለሱ። በመጨረሻ ግምጃ ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ። ያኔ ሥራ አስኪያጁ ሹፌሩን አስከትሎ መጣ።

«እንግዲህ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለስ» አለ። «ማሽኑ ወደ ሦስተኛ ፎቅ። ጎማው ወደ ግምጃ ቤት። ዶክተርም ወደ ቢሮዎ። ተረኞቹን አነጋግሬያለሁ፤ በደስታ ነው ያሉት።»

እጆቼን ከቁልፎቹ ላይ አላነሳሁም። ማሽኑ ከወጣ እንደገና እንደምጠፋ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ሹፌሩ ማሽኑን አየ፣ በሽቦው ላይ ጣቱን አሳለፈ። «ሽቦው አይደርስም» አለ።

«እንዴት አይደርስም? ከዚያ አይደል የመጣው?»

«ሲወርድ ቆርጬዋለሁ። ተርፎ ሲንጠለጠል ሰው እንዳይጠልፍ ብዬ። አሁን አዲስ ይገዛ።»

«ግዢ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ቃሉን ሲጠራው ድካም ተሰማበት። በእኛ ቤት አንድ ዕቃ ለማስገዛት ጥያቄ፣ ፈቃድ፣ የዋጋ ማወዳደሪያ፣ ኮሚቴ፣ እንደገና ፈቃድ ያስፈልጋል። የሁለተኛ ፎቅ አታሚ ቀለም ካለቀበት ዓመት አልፎታል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተለካ ነገር ተናግሬ እንደማላውቅ ያውቃል፤ በስብሰባ መሃል የእሱን ዓረፍተ ነገሮች ሳርም ኖሬአለሁ። «ዶክተር፣ እርስዎ መሐንዲስ ነዎት። እውነት አይደርስም?»

ሽቦው አልተቆረጠም። የተረፈው ተጠቅልሎ፣ ሹፌሩ ራሱ በዚያ ሐሙስ ማሽኑን ሲያወርድ ባስቀመጠበት፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ይተርፋል። ሹፌሩ ወደ እኔ አላየም። ካቻቢቴውን በእጁ ያገላብጥ ነበር፤ በሩ ላይ በቆመበት ዕለት ፊቱ ላይ የነበረው ነገር አሁንም ነበረበት፣ በዚህኛው ጊዜ ግን አልተመለሰም።

«እኔ የማጠናው ደለል ነው» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ «እንግዲያው እስኪገዛ ይቆይ» አለና ወደ ደረጃው ሄደ። ግዢው ተጠይቋል። እስካሁን እየተጠበቀ ነው።

ይህን ድል ብሎ የሚጠራው ሰው አይጠፋም፤ እኔ አልጠራውም። በሕግ የተሰጠኝ ቢሮ የለም። ያለኝ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ድረስ የሚቆይ ክፍል ነው። ነገ በክራንች የሚሄድ ሰው ቢቀጠር ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ተረኞቹ በደስታ ይሰለፋሉ። ሆኖም በየማለዳው ሠራተኛው በሙሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ጭምር፣ በቢሮዬ በር አልፎ፣ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ያስነካል። እኔ ጎንበስ አልልም። ውሃም እጠጣለሁ።

ጥቅል ሽቦው ከጠረጴዛዬ ሥር፣ ሌላ ሰው ቢሆን እግሩን በሚዘረጋበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። እኔን አያስቸግረኝም።